የእናቴ ባናና የእኔ በረኪና

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም መጥታ አንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ሰነበተች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቦረናን ደጋ የጥቅምት ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባም ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ብሰማ ተነሥቼ ከሳጥኑ ሥር የእናቴን ባና አወጣሁላት። ጠዋት ሌሊቱን በደንብ እንደተኛች ነገረችኝና ባናውን ወደ መስኮቱ ወስዳ ታገላብጠው ጀመር።

«እማማ፣ ይሄ ለምን ግማሽ ሆነ? ጥቁሩ እዚህ ዳር ላይ ለምን ቀላ? ነጩ መስመርስ ለምን ቢጫ ሆነ?»

ለሦስቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ለእርሷ ስነግራት ለእናንተም ለወላጆችና ለአያቶች ልጽፈው አሰብኩ። በየቤታችን በየሳምንቱ የምናጥበው ልብስ ቀለሙን ከየት እንዳመጣው ባለማወቅ ብዙ ነገር እናበላሻለንና።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። በዚያ ክረምት ግርሻ የያዛቸው ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያችን ይመጡ ነበር። ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። በደጋ አገር ሰው ከብርዱ የተነሣ ልብሱን እንደደራረበ ስለሚተኛ ለቅማል ይመቸዋል። እኛም በየጠዋቱ በሽተኛ ማየት ከመጀመራችን በፊት ግቢው ውስጥ ቆመን «ልብሳችሁን ቀቅሉ» እያልን እናስተምር ነበር። እናቴ የታመመ ጎረቤታችንን ስታስታምም ባናዋን አልብሳው ኖሮ፣ እርሱ ድኖ ባናው ወደ ቤት ሲመለስ እኔ ተቆጣሁ። ነርስ ነኛ! ውኃ አፍልቼ በገንዳ ገለበጥኩ፤ እንዲያስተማምን ብዬ ደግሞ አንድ ጠርሙስ በረኪና ጨመርኩበት። ባናው ከገንዳው ስለበለጠ ግማሹ ከጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወዲያው ለምጥ ተጠርቼ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ውኃው ውስጥ የነበረው ግማሽ ባና አልነበረም ማለት ይቻላል። እጄን ስሰድ እንደ እንቁላል አስኳል ውኃ ይሙለጨለጫል፤ ሳነሣው እየተቆራረሰ ይወርዳል። ከውኃው ጠርዝ ላይ የነበረው ጥቁር እንደ ዝገት ቀልቷል፤ ነጩም ይበልጥ ይነጣል ስል እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። እናቴ አጠገቤ ቆማ አየችው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ልጄ» እንጂ በማዕረግ ጠርታኝ አታውቅም።

«ሲስተር፣ አዳንሽው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ባና ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ የከተማ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። የወሎ ደጋ በግ ከላይ ረዥም ጠጉር፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ልስልስ ጠጉር አለው። ብርዱ ነው ያለበሰው። በጉ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ይታጠባል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሽመናው የወንድ ሥራ ነው። ለአንድ ባና የሚሆን ጠጉር ከአንድ በግ፣ በአንድ ሽልት አይገኝም። እናቴ ያንን ባና ለመፍተል ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል።

ቀለሙስ? ቀለም የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም። የወሎ በጎች ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ አንዳንዶቹም ዝንጉርጉር ናቸው። እናቴ ጠጉሩን ስትለይ ጥቁሩን በአንድ ቁና፣ ነጩን በሌላ፣ ዳማውን በሌላ ታደርግ ነበር። ዳለቻ ክር ስትፈልግ ጥቁሩንና ነጩን አብራ ትነድፈዋለች። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ጥቁር ጠጉርና ነጭ ጠጉር ተቃቅፈው ይታያሉ። ዓይናችን ነው የሚያዋህደው። የባናው መሬት ጥቁር፣ በየስንዝሩ የሚያቋርጠው መስመር ደግሞ ነጭ ነበር።

እንግዲህ የበግ ጠጉር ጥቁረት ከየት መጣ? የእኔና የእናንተ ጠጉር ከመጣበት ነው። ሜላኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አንዱ ዓይነት ጥቁርና ቡኒ ይሰጣል፤ ሌላው ዓይነት ወደ ቀይና ወደ ብጫ የሚያደላውን። ጠጉሩ ከቆዳ ሥር ገና ሲበቅል ሜላኒኑ በውስጡ ተቀብሮ አብሮት ያድጋል። ስለዚህ ጥቁር ባና መቶ ጊዜ ቢታጠብ ነጩን መስመር አያጠቁረውም፤ ሊለቅ የሚችል ከውጭ የተቀባ ነገር የለበትምና። ነጭ ጠጉር ደግሞ ቀለሙ የታጠበ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ቀለም ሳይገባበት የበቀለ ነው። ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ሻሼን ገለጥ አድርጋ ጠጉሬን አየችና «እንግዲያው አንቺም ለነጩ መስመር ትሆኛለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሜላኒን ጠላት የለውም ማለት ግን አይደለም። ፀሐይ ቀስ እያለች ትበላዋለች። ሜዳ የሚውል ጥቁር በግ የጠጉሩ ጫፍ ቀላ ብሎ ሥሩ ጥቁር እንደሆነ እረኞች ሁሉ ያውቃሉ። በረኪና ደግሞ ፀሐይ በዓመታት የምትሠራውን በደቂቃዎች ይሠራዋል፤ እዚያም ላይ አያቆምም፤ ጠጉሩን ራሱን ያሟሟዋል።

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያ በየቀኑ በረኪና እጠቀም ነበር። አምስት በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጦ ግማሽ በመቶ ማድረግ ለእኛ እንደ አቡጊዳ ነው። ጋውኖቻችንና ሻሾቹ ከዚያ ውስጥ ነጥተው ይወጡ ነበር። ስለዚህ ጨርቅ ሁሉ ጨርቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋውኑ ግን ጥጥ ነው። ጥጥ የተክል ሥጋ፣ ሴሉሎስ ነው። በረኪና ሲበዛበት ያሳሳዋል እንጂ ቶሎ አያሟሟውም። የበግ ጠጉር፣ የሰው ጠጉር፣ ጥፍርና ቀንድ ደግሞ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ሐርም ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ነው። እነዚህን በረኪና ይበላቸዋል።

ለልጅቷ አሳየኋት። በር ከፍተን፣ ጓንት አድርጌ፣ በትንሽ ብርጭቆ ያልተበጠበጠ በረኪና ቀዳሁና ከማበጠሪያዋ ላይ የተገኘ ጥቂት ጠጉርና አንድ የጥጥ ክር ከተትኩበት። ከሰዓታት በኋላ ክሩ እንዳለ አለ፤ ጠጉሩ ግን የለም። (ሙከራው የአዋቂ ሥራ ነው። በረኪናን ከሆምጣጤ፣ ከሎሚም ሆነ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡት። የጠጣ ሕፃን ተሸክማ የምትመጣ እናት ፊት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ አይረሳኝም። ጠጥቶ ከተገኘ ደግሞ አታስመልሱት፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።)

ኬራቲንና ሴሉሎስ ቀለም ሲቀቡም አንድ አይደሉም። በወሎ ለሠርግም ለበዓልም ሂና የማይነካው ቤት ጥቂት ነው፤ እንሶስላም አለ። ሂና ጥፍር ላይ ከያዘ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አይለቅም። ጠጉርንም እንዲሁ አጥብቆ ይይዛል። ነጭ ነጠላ ላይ የፈሰሰ ሂና ግን በጊዜ ከታጠበ ፈዝዞ የሚቀር ነው። ቀለሙ ያው አንድ ቀለም ሆኖ ሳለ ጠጉርና ጥፍር እንደ ዘመድ ሲቀበሉት፣ ጥጥ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ጥጥን በማይለቅ ቀለም መቀባት ብዙ ዘመን ያስቸገረውም በዚህ ምክንያት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ነጭ ሆኖ እንዲኖር፣ ቀለሙ በጥለቱ ላይ ብቻ እንዲወሰን ማድረጋቸው ለውበት ብቻ አይመስለኝም። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ዛሬ የምናየው የቀለም ብዛት የመጣው በአጋጣሚ ነው፤ ለእኔ ለነርሷ ደግሞ ታሪኩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ከሚገኝ ቅመም ለመሥራት ሞከረ። (እንክብል ሁሉ «ኪኒን» የተባለው ከዚያው መድኃኒት ስም ነው።) መድኃኒቱ አልሆነለትም፤ ዕቃው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ቀረ። ዝቃጩን በአልኮል ሲያጥበው ወይን ጠጅ መልክ ወጣ፤ ሐርም በዚያ ቀለም ተነክሮ አልለቅ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ፋብሪካዎች ቀለምን ከሥርና ከቅጠል ሳይሆን ከኬሚስትሪ ማውጣት የጀመሩት። በየጤና ጣቢያው በሕፃናት አፍ ላይ እንቀባው የነበረው ጄንሺያን ቫዮሌትም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ጣቴን ሳምንት ሙሉ ያስነቅፈኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥለቱ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩት እዚህ ላይ ነውና። ነጠላው ታጥቦ ሲሰጣ ቀዩ ጥለት ነጩን ሮዝ አድርጎት ይገኛል። የጥጥ ክር በተለያየ መንገድ ይቀለማል። አንዱና ርካሹ መንገድ ቀለሙን ከክሩ ጋር በልል ብቻ የሚያስጠጋው ነው፤ በሞቀ ውኃ ይለቃል። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው፣ ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰረው ቀለም ነው። እርሱም ቢሆን ፋብሪካው ወይም ቀለም ነካሪው ትርፉን በደንብ ካላጠበው በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይለቃል። የጂንስ ሰማያዊ ደግሞ ክሩ ውስጥ ዘልቆ ሳይገባ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ጉልበቱና ኪሱ ላይ እየተፋቀ ይነጣል። የልጅ ልጆቻችን ግን ለተፋቀው ነው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍሉት! እንግዲህ ምን ይባላል።

ስለዚህ አዲስ ነጠላ ወይም ቀሚስ ከመንከራችሁ በፊት ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥቡና ጥለቱን ከጀርባው በኩል ጫን አድርጋችሁ እሹት። ነጩ ጨርቅ ከቀላ ጥለቱም ይለቃል። ያንን ልብስ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳትዘፈዝፉ ቶሎ አጥባችሁ፣ ሳታጣጥፉ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁት። እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ያደረ ነጠላ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ጨው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ቀለሙን ያስረዋል የሚባል ምክር ከአያት እስከ ልጅ ይወራል። ጨው በማቅለሚያው ድስት ውስጥ ሥራ አለው፤ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲጠጋ ያግዛል። ተሸምኖ፣ ተሸጦ፣ ቤታችን ከገባ በኋላ ግን ልል የሆነውን ቀለም ለዘለቄታው አያስረውም። ቀልቶ የቆየውን ነጠላ በበረኪና ለማዳን የሚሞክሩም አሉ፤ ነጩ ሲነጣ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል።

ገበያችን ውስጥ አሁን የሚበዛው ግን ጥጥም ጠጉርም አይደለም። መካነ ሰላም ገበያ ላይ የሚደረደሩት አበባ የታተመባቸው ለስላሳ ብርድ ልብሶች ፖሊስተር ናቸው። ርካሹ የልጆች ሹራብም ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። ሁለቱም ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ቅመም የሚሠሩ ናቸው። ፖሊስተርን የሚያቀልሙት ከሚፈላ ውኃ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በታፈነ ማሽን ውስጥ ነው። ቀለሙ ክሩ ከፈታ ሲል ገብቶ ሲቀዘቅዝ ይዘጋበታል። ቤት ውስጥ ስናጥበው የማይለቀውም ለዚህ ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋው ቀላል፣ እጥበቱ ቀላል ነው፤ ሰው ቢገዛው አልፈርድም፤ እኔም ገዝቻለሁ። አንድ ነገር ግን እንደ ጤና ባለሙያ ልናገር። የበግ ጠጉር እሳት ሲነካው በቶሎ አይያያዝም፤ ከእሳቱ ሲርቅ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ግን ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ምድጃ ዙሪያ የሚሞቁ ሕፃናትን ሹራባቸው ምን እንደሆነ እዩ።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክር ከጠርዙ ምዘዙና በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ክብሪት አስነኩት። ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ አመዱ ልስልስ ነው። የፋብሪካው ክር ደግሞ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይታያል። ዳር ላይ ከተንጠለጠለች አንዲት ክር ይህን ያህል ካወቅን በየትኛው ውኃ፣ በየትኛው ሳሙና እንደምናጥብ አንሳሳትም።

እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ባናዋን ያጠበችው በቀዝቃዛ የወንዝ ውኃና በእንዶድ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ እንዶድ ኋላ ቀር መስሎኝ ነበር። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ እንደ ዱቄት ሳሙናና እንደ አመድ ውኃ ጠጉርን አይጎዳም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚረዳውን ግኝት ያገኙት። በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚሁ ሥራ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸልመዋል። ያ ሁሉ የጀመረው ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ እንዶድ ንቄ በረኪና ገዛሁ። (ፍሬው መርዛማ ነውና ልጆች አፍ እንዳይገባ።)

የፈላው ውኃም ብቻውን ጥፋት ነበር። የጠጉር ላይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ጣራ ክዳን የተደራረበ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውኃና እሽት ሲያገኘው ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ፤ ጨርቁ ይኮማተራል፤ ተመልሶም አይሰፋም። ባና ከተሸመነ በኋላ በውኃ እየተረገጠ የሚጠቀጠቀው በዚሁ ጠባዩ ነው። ረጋጩ ግን የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል።

ታዲያ ቅማሉን ምን ላደርገው ኖሯል? ዛሬ ብጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው፦ ባናውን በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ሰው ሳይነካው ማስቀመጥ። የልብስ ቅማል ከሰው ገላ ተለይቶ ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ ከእንቁላል የሚፈለፈለውም የሚመገበው አጥቶ ይሞታል። ጥጥ ልብሱ ይቀቀል፤ ባናው ይታሰር። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳይጠመዘዝ ይታጠብና በጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ብል እንዳይበላው ደግሞ ንጹሕና በደንብ የደረቀ ሆኖ ይቀመጥ።

እናቴ የተረፈውን ግማሽ በመቀስ አስተካክላ፣ ዳሩን ቀምቅማ ሃያ ዓመት ለበሰችው። ስለ ባናው ዳግመኛ ያወራነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርጅና ተጫጭኗት እኔ ሳለብሳት። ጥቁሩ የሁለት እናት በጎች መሆኑን ነገረችኝ። ነጩ ደግሞ እኔ ነርስነት ልማር ስሄድ ለስንቄና ለመሳፈሪያዬ ከተሸጠው ሙክት ነበር፤ ወደ ገበያ ከመነዳቱ በፊት አባቴ ሸልቶላት ነው። ለሃያ ዓመት ይህን ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ምን ይጠቅምሻል ብዬ» አለችኝ።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ ዝም አለችና ባናውን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ ቢጫ የሆነውን መስመር በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ በግቢው ያሉት በጎች መቼ እንደሚሸለቱ ጠየቀችኝ። ለገና እመጣለሁ ብላለች፤ እንዝርቱን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ።